አይ ከላይ፣ አዎ ከታች

የዝና ታፈረ በዚያ እሑድ ጠዋት ያደረገችውን አሶሳ ውስጥ ከእሷ በፊት ያደረገች ልጅ የለችም፤ ከእሷም በኋላ ባትኖር ይሻላል። ለጋብቻ ሊጠይቋት ከመጡ ሽማግሌዎች ፊት ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጉልበቷ ላይ ላፕቶፕ ዘርግታ ተቀምጣለች። ወጉ በዚህ ሰዓት ልጅቱ ጓዳ ገብታ፣ በር ላይ ተለጥፋ ጆሮዋን እንድትጥል ነው። እሷ ጓዳ ከገባች ግን ማሽኑን የሚነዳ ሰው የለም፤ ማሽኑ ካልተነዳ ደግሞ አባቷ አቶ ታፈረ መልስ መስጠት አይችሉም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ እንዳላዩዋት ሆኑ፣ እሷም እንደሌለች ሆነች፣ ሁሉም በዚሁ ተስማሙ።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ መነገር አለበት።

አቶ ታፈረ ጨዋታ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። በደርግ ጊዜ ሰፈራ ሲባል ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆነው ከወሎ ባምባሲ መጡ። ሲያድጉ መሬቱን ለወንድሞቻቸው ትተው መሪ ጨበጡ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉም አይሱዙ መኪናቸውን በአሶሳና በሱዳን ድንበሯ ከተማ በኩርሙክ መካከል አመላለሱ። ማንጎ ያደርሳሉ፣ ማሽላ ይመልሳሉ፣ ወሬ ደግሞ ሲሄዱም ሲመለሱም አይጎድልባቸውም። ዝም የሚሉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ነጋዴ የሰጣቸው ዋጋ ሳይጥማቸው ሲቀር። ያኔ ዓይናቸውን ወደ ጫማቸው ይጥሉና ሰውየው እስኪጨምር ድረስ ጫማቸውን ሲያዩ ይቆያሉ። በዚህ ጠባያቸው ብዙ ነጋዴ አማረዋል።

ከሰባት ወር በፊት አንድ ማለዳ ጫማቸውን ሊያስሩ ጎንበስ እንዳሉ ስትሮክ ጣላቸው። ከሞት ተረፉ። ምላሳቸው ግን አልተረፈም። ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፣ ግራ እጃቸው ስክሪብቶ ለመያዝ እንኳ ይንቀጠቀጣል፣ አንገታቸው ያለ ትራስ አይቆምም። ሐኪሙ፣ “ሁሉን ይሰማሉ፣ ሁሉም ይገባቸዋል” ብሎ ነገራቸው። ይህ ማጽናኛ ይሁን ሌላ ቅጣት የዝና መለየት አቃታት። ያን ሁሉ ጨዋታ ሆዱ ውስጥ ይዞ የተቀመጠ ሰው ማየት አንጀቷን በላው።

የዝና ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የኮምፒውተር ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነች። ሲከፋት አታለቅስም፤ የሆነ ነገር ትፈታታለች። በዚያን ሰሞን አንድ የተጣለ የጥበቃ ካሜራ ፈታታ፣ የሰው ዓይን የት እንደሚያይ የሚከታተል ማሽን መሥራት ጀመረች። ነገሩ ሲያወሩት ቀላል ነው። ከስክሪኑ ግርጌ ሁለት ትንንሽ አምፖሎች አሉ፤ ለሰው የማይታይ ብርሃን ይረጫሉ። ብርሃኑ ዓይን ላይ ሲያርፍ ነጥብ ይሠራል። ካሜራው ነጥቡንም የብሌኑን ጥቁር ክብም ያያል፤ ከዚያ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ለክቶ ሰውየው ስክሪኑ ላይ የቱን ቦታ እያየ እንደሆነ ያሰላል። ሰውየው ፊደል ካየ ፊደል ይጻፋል፣ ቃል ካየ ቃል ይመረጣል። ሲሠሩት ግን አራት ወር ፈጀባት።

ብቻዋን አልሠራችውም። ባምባሲ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የሚያስተምረው ወሰን ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየመጣ አምፖሎቹን በመበየጃ ያጣብቅላት ነበር። ወሰን መጀመሪያ የመጣው ለተማሪዎቹ አሮጌ ዕቃ ለመለመን ነው። ዕቃውን አግኝቶም መምጣቱን አልተወም። አምፖል ለማጣበቅ ስንት ቅዳሜ እንደሚበቃ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም አልተናገሩም።

ማሽኑ እስኪሟላ ድረስ የዝና ፊደሉን ለጊዜው ተወችው። የእኛ ፊደል ሠላሳ ሦስት ቤት፣ ሰባት ሰባት ሆኖ፣ አንድ ስክሪን ላይ በቀላሉ አይገባም። ስለዚህ በሁለት ቃል ጀመረች፤ ከላይ “አይ”፣ ከታች “አዎ”። “አይ” የሚለውን ከላይ ያደረገችው ያለ ምክንያት አይደለም። የሆነ ቦታ ያነበበችው ነገር ነበር፤ መናገር ያቃተው ሰው ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው እምቢ ማለት መቻል ነው ይላል። ልቧን ነካትና ለአባቷ እምቢታን ከላይ፣ በትልቁ ጻፈችላቸው። ዓይን ደግሞ አንድ ቦታ አይረጋምና፣ ጥያቄው ተጠይቆ እሷ ቁልፍ ከተጫነች በኋላ አባቷ አንዱን ቃል ለግማሽ ሰከንድ ካዩ ማሽኑ ያንን ተቀብሎ ለሃያ ሰከንድ እንዲቆልፍ አደረገችው።

ከዚያ ፈተነችው። “አባዬ፣ ታች ያለውን እይ። አሁን ላይ ያለውን እይ። ራስህን አታንቀሳቅስ።” ሃያ ጊዜ ፈተነችው፤ ሃያውንም በትክክል መለሰ። በዚያ ሁሉ ፈተና ውስጥ ያላስገባችው አንድ ነገር ቢኖር እውነተኛ ጥያቄ ነው። ይህን ግን ያን ቀን አላሰበችውም፤ ደስታ የያዘው ሰው ብዙ ነገር አያስብም።

ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እውነተኛውን የመጀመሪያ ጥያቄ ብቻቸውን ሆነው ጠየቀቻቸው። ከታመሙ ጀምሮ ልትጠይቃቸው የፈራችው ነበር። “አባዬ፣ ተስፋ ቆርጠሃል?”

ማሽኑ ከላይ በራ፦ አይ።

የዝና አለቀሰች። ስክሪኑን በስልኳ ፎቶ አነሳችው፣ ፎቶውን የስልኳ ፊት ላይ አደረገችው፣ ለወሰን ላከችው። ዲፓርትመንቱ ውስጥ ስለ ማሽኑ ስታቀርብም የመጀመሪያው ስላይድ እሱ ሆነ፤ ሰው አጨበጨበ። አንድ መምህር መሀረብ አወጣ።

ያልተጨበጨበላት ቤቷ ነው። እናቷ ወይዘሮ አገኘሁሽ ማሽኑን ከመጀመሪያው ቀን አልወደዱትም።

“አንቺ ልጅ፣” አሉ አንድ ቀን፣ “እንዲያው መስኮቱን ‘አይከፈት’ አለ ብለሽ በዚህ ሙቀት ዘግተሽበት ትሄጃለሽ? እሱ እንዲያ አላለም።”

“እማዬ፣ ብሏል። ተመዝግቧል።”

“እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር ማን መዝግቦልኝ ነው የገባኝ?”

“አንቺ ስሜትሽን ታስገቢበታለሽ። ማሽን አያዳላም። ለራሱ እንዲናገር እንተወው።”

ወይዘሮ አገኘሁሽ መከራከሩን ተዉት። ልጃቸው ወደ ሥራ ስትወጣ ግን መስኮቱን ይከፍታሉ፣ ሻዩ ላይ ስኳር ይጨምራሉ፣ ሬዲዮኑን ያበራሉ። ልጅቷ ልትመለስ ስትል ሁሉንም ወደ ቦታው ይመልሳሉ። ቤቱ በሁለት መንግሥት መተዳደር ጀመረ።

በዚህ መካከል ነው ወሰን ሽማግሌ እልካለሁ ያለው።

የዝና አንድ ነገር ቁርጥ አድርጋ ነገረችው። “አባዬ ድሮ ቢሆን በሩ ላይ ሆኖ አንተን ገና ሲያይህ ይመርቅሃል ወይ ያባርርሃል። አሁን አፉ ተያዘ ብለን በእሱ ፈንታ አንወስንም። እሺ ካለ እሺ። አይ ካለ፣ ወሰንዬ፣ እኔ አላገባህም።” ወሰን ፈገግ ለማለት ሞከረ፣ አልሆነለትም። እሷም የምሯን ነበር። ቀድማ ልትጠይቃቸው ደግሞ አትችልም፤ ሴት ልጅ አባቷ ፊት ቆማ “ላግባ ወይ?” አትልም። ይህን የሚጠይቅ ሽማግሌ ነው፣ የሚመልስ አባት ነው። ደንቡን ሁሉ አክብራ አንዱን ብቻ ልትሽር ሆነ፤ ጓዳ መግባቱን።

እሑድ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። ዋናው አቶ አስማማው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር፣ ሲናገሩ ቃለ ጉባኤ የሚያነቡ የሚመስሉ። ሁለተኛው የወሰን አጎት ሰራዊት ነው፤ ከስልኩ ጋር የተወለደ። ሦስተኛው ሼህ ረጀብ ናቸው። ሼህ ረጀብ የበርታ ብሔር ሰው ናቸው፤ የኩርሙክን ገበያና የኩርሙክን መንገድ ከአቶ ታፈረ ጋር ሃያ ዓመት አብረው በልተውታል። የወሰን ወገን እሳቸውን የጨመረው፣ ታፈረ ሌላውን ሁሉ እምቢ ቢል እንኳ ረጀብን እምቢ አይልም ብሎ ነው። አማርኛ ይናገራሉ፣ በራሳቸው መንገድ። ማንበቡን ግን አልደረሱበትም።

የዝና ሁሉም እንዲያይ ብላ ላፕቶፑን ከትልቁ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝታዋለች። አቶ ታፈረ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ አንገታቸው በትራስ ተደግፎ፣ ከቴሌቪዥኑ ማዶ ባለው ወንበር ላይ ናቸው፤ ከፊታቸው ያቺ ካሜራ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ጀርባውን ለእሳቸው ሰጥቶ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሯል። ወይዘሮ አገኘሁሽ ከርከዴ ሊቀዱ ጓዳ ናቸው።

አቶ አስማማው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“እንግዲህ አቶ ታፈረ፣ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም። ልጃችን ወሰን የእርስዎን ልጅ የዝናን በሕግ፣ በሥርዓት እንዲያገባ፣ ለእርስዎም ልጅ እንዲሆንዎት ልንጠይቅ መጥተናል። ፈቃድዎ ነው?”

በደንቡ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺም እምቢም አይልም። ዘመድ እናማክር፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ ይላል፤ ሽማግሌም ይህን ሰምቶ ደስ ብሎት ይሄዳል። ማሽኑ ላይ ግን እንዲህ የሚል ቃል የለም። የዝና ልትጨምረው አስባ ነበር፤ ወሰን ሲስቅባት ጊዜ ተወችው። አሁን ተቆጨች፣ ግን ቁልፉን ተጫነችው።

ቴሌቪዥኑ ከላይ በራ።

አቶ አስማማው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። “አይ ነው የሚለው” አሉ፣ ከሰሌዳ ላይ እንደሚያነቡ።

የዝና ጎንበስ ብላ ላፕቶፑን አየች፤ እዚያም ያው ነው። ከኋላዋ አባቷ “እ! እ!” የሚል ድምፅ አሰሙ። ይህን ድምፅ ሰሞኑን ደጋግማ ሰምታዋለች፤ ደክሟቸዋል ማለት ነው ብላ ነበር የምትመዘግበው። ዞር ብላ ልታያቸው አልደፈረችም። እንደሌለች የተቀመጠች ሰው ናት።

ሽማግሌ ለአንድ እምቢታ ብሎ አይወጣም። አቶ አስማማው ድምፃቸውን ዝቅ፣ ትከሻቸውን ሰበር አደረጉ። “አቶ ታፈረ፣ የማናውቀው ጥፋት ካለ እንካሳለን። ልጁ ሠርቶ አደር ነው፣ ጨዋ ነው። ስለ እግዚአብሔር ብለው፣ እሺ ይበሉን።”

ማሽኑ አሁንም ከላይ በራ፦ አይ።

ሰራዊት ስልኩን ወደ ጉያው አስጠግቶ በአውራ ጣቱ “አልሆነም” ብሎ ጻፈ። መልእክቱ ከሁለት መቶ ሜትር ርቀት ላይ፣ መታጠፊያው ጋ ቆሞ በነበረ ባጃጅ ውስጥ ወሰን እጅ ገባ። ባጃጅ ነጂው ኋላ ሲያወራ፣ ልጁ መልእክቱን ካነበበ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ሳይናገር “ንዳ” አለኝ፣ እኔም ዝም ብዬ አደባባዩን ሦስት ጊዜ ዞርኩት ብሏል።

እቤት ውስጥ ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛው ጥያቄ ተዘጋጁ። የዝና ቁልፉን መጫን አለባት። ጣቷ እምቢ አላት። ማሽኑን እሷ ሠራችው፣ እሷ ፈተነችው፣ አያዳላም ያለችውም እሷ ናት። አሁን አያዳላም። የአባቷን ፊት ባታይም በጀርባዋ ተቀይማቸዋለች፤ ወሰን ምን አጠፋ? አራት ወር ሙሉ አምፖል ያጣበቀው ለማን ነው?

በዚህ መካከል ሼህ ረጀብ ሳቁ። ሳቃቸው ከሆድ ነው፣ ማስነጠስ ይመስላል።

“ወላሂ፣ ሰው ምን ነካው?” አሉ። “እሱ እሺ አለ፣ እናንተ አይ ትላለህ። ሁለት ጊዜ እሺ አለ። የት ነው የምታየው?”

“ቴሌቪዥኑ ላይ” አሉ አቶ አስማማው።

“ታፈረ ቴሌቪዥን ውስጥ ነው? ታፈረ እዚህ ነው ያለ።”

ማንበብ የሚችለው ሰው ሁሉ ወደ ጽሑፉ ሲዞር፣ ማንበብ የማይችሉት ሼህ ረጀብ ቴሌቪዥኑ ምንም ስላልነገራቸው ከመጀመሪያው የወዳጃቸውን ፊት ነበር የሚያዩት።

“ማሽኑ ተፈትኗል” አለች የዝና፣ እንደሌለች መሆኗን ረስታ። “ሃያ ጊዜ ተፈትኗል።”

ሼህ ረጀብ በርኅራኄ አዩዋት። ለወንድም ለሴትም አንድ ዓይነት አነጋገር ነው ያላቸው። “ልጄ፣ አንተ ጎበዝ ነህ፣ አልሐምዱሊላህ። አሁን እሱን ተው። ፊት እይ።” ከዚያ በአቶ ታፈረ ፊት ዝቅ ብለው ቁጢጥ አሉ። “ያ ታፈረ! ያ ጊዜ ዝናብ መጣ፣ መኪናው ጭቃ ገባ፣ ማንጎ ሁሉ ሊበላሽ ነው። ማን ገፋ? እኔ ነው የገፋ። አይደለም?”

የዝና ከልማድ የተነሳ ቁልፉን ተጫነች። ግን በዚህ ጊዜ ዞረች።

የአባቷ ቅንድብ ከፍ አለ። ዓይናቸው ወደ ላይ ወጣ፣ እዚያው ቆየ። በግማሽ ከንፈራቸው ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳቡ፤ “እ!” አሉ።

አዎ አሉ። አዎ ያሉት እሷ ራሷ ዳቦ ቤት ውስጥ “ሁለት ነው?” ስትባል እንደምትለው፣ አቶ አስማማው “ደህና አደሩ?” ሲባሉ እንደሚሉት፣ ሰዉ በሙሉ ቀኑን ሙሉ ሳያስበው እንደሚለው ነው። ቅንድብ ከፍ፣ ዓይን ወደ ላይ፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ። “ታችኛውን እይ” ሲባሉ ታችኛውን ያያሉ። ሰው ሲጠይቃቸው ግን ለሰው ነው የሚመልሱት፤ ሃምሳ ዓመት የለመደ ዓይን ቀድሞ ወደ ላይ ይወጣል። ላይ ደግሞ የዝና በትልቁ የጻፈችው እምቢታ ይጠብቃቸዋል። ወደ ታች ወርደው ሊያርሙ ሲሉ ማሽኑ ቆልፏል። በዚያን ጊዜ “እ! እ!” ይላሉ፣ እሷ ደግሞ ደክሞታል ብላ ትጽፋለች።

ቴሌቪዥኑ ላይ “አይ” በርቷል።

“ይሄ ማሽን ውሸታም!” አሉ ሼህ ረጀብ በእጃቸው እየጠቆሙ። “እኔ ነው የገፋ! ኻላስ!”

መጀመሪያ የሳቀው ሰራዊት ነው። ከዚያ አቶ አስማማው በርዕሰ መምህር ወግ ለመቆጣጠር ሞክረው አቃታቸው። አቶ ታፈረም ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ዕንባቸው ወረደ፤ ሰባት ወር ያልተሳቀ ሳቅ ነው። የዝና መሳቅም ማልቀስም ፈልጋ ሁለቱንም አንድ ላይ አደረገችው።

አቶ አስማማው ግን ሥርዓት ያለ ሰው ናቸው። “ለሦስተኛና ለመጨረሻ ጊዜ፣” አሉ ፊታቸውን ከቴሌቪዥኑ አዙረው፣ አቶ ታፈረ ፊት ቀጥ ብለው ቆመው፣ “ልጅዎን ለልጃችን ይሰጡናል?”

ቅንድቡ ወጣ። ዓይኑ ወደ ላይ ሄደ። ትንፋሹ ገባ። ቴሌቪዥኑ አይ አለ፤ ማንም አላየውም።

ወይዘሮ አገኘሁሽ ከርከዴውን እንደያዙ ጓዳው በር ላይ ቆመው ሰምተዋል። ትሪውን አስቀምጠው እልል አሉ፤ እልልታውን ሳይጨርሱ ወደ ልጃቸው ዞሩ። “እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምን አልኩ? ምን አልኩ?”

“ብለሻል እማዬ።”

“መዝግቢው!”

ሰራዊት ለወሰን ደወለ። ወሰን አደባባዩን አራተኛ ሊዞር ነበር። የአሶሳ ሰው አሁንም ድረስ፣ ሽማግሌ በላከ ቀን ተከልክሎ፣ በዚያው ቀን ተፈቅዶለት፣ በመካከሉ የባጃጅ ነዳጅ የጨረሰ ሰው እያለ ያነሳዋል።

ሽማግሌዎቹ በልተው፣ መርቀው፣ ሼህ ረጀብም አንድ ጊዜ ተጨማሪ ማሽኑን ተሳድበው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። ወይዘሮ አገኘሁሽ የምሥራቹን ለጎረቤት ሊያደርሱ ወጡ፤ ሊሄዱ ሲሉ መስኮቱን ከፈቱት፣ በዚህ ጊዜ በይፋ።

የዝና ላፕቶፑን ይዛ ማሽኑ የመዘገበውን ሁሉ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ማንበብ ጀመረች፤ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ጥያቄና መልስ። አሁን እያንዳንዱን ገልብጣ ነው የምታነበው። ሻይህ ላይ ስኳር ይጨመር? አይ። ይጨመር ነው ለካ። ሬዲዮ ልክፈትልህ? አይ። መስኮቱ ይከፈት? አይ። ለወገብህ ይመችሃል? አዎ። እዚህ ላይ ሳቋ ትንሽ ቀነሰ፤ ትራሱን አስተካከለችላቸው። ይህ ማሽን ያስቸግርሃል? አይ። ይህን ስታነብ ጮክ ብላ ሳቀች፤ አባቷም ከወንበራቸው ሆነው ምን እንዳሳቃት የገባቸው ይመስል ዓይናቸውን አጠበቡ።

እንዲህ እየሳቀች ወደ ላይ ወጣች፣ አንደኛው መስመር ላይ ደረሰች፣ ሳቋ ቆመ።

ተስፋ ቆርጠሃል? አይ።

ስልኳን አነሳች። ያ ፎቶ ፊቱ ላይ አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ያየችው፣ ለሰው ሁሉ ያሳየችው፣ የተጨበጨበለት። አባቷ ያን ቀን በሰባት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠይቀው እውነቱን ነገሯት። እሷ ደግሞ እውነቱን ፎቶ አንስታ ደስ ብሏት ሄደች።

አንዳንድ ሰው እዚህ ላይ ላፕቶፑን ዘግቶ ወጥ ሊያሞቅ ይሄዳል። የዝናም ለመሄድ ተነስታ ነበር። ተመለሰች፣ ካሜራውን ከአባቷ ፊት አነሳች፣ ወንበር ስባ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠች።

“አባዬ፣ መጀመሪያ ቀን የጠየቅኩህን ታስታውሳለህ?”

ቅንድባቸው ከፍ አለ።

“ያን ቀን ተስፋ ቆርጠህ ነበር?”

አቶ ታፈረ መጀመሪያ ልጃቸውን አዩዋት። ይህን መልስ ትችለው እንደሆነ ያያሉ፤ ከትንሽነቷ ጀምሮ ከባድ ነገር ሊያሸክሟት ሲሉ እንዲህ ነው የሚያዩዋት። ከዚያ ቀስ ብለው ቅንድባቸውን አነሱ፣ ዓይናቸውን ወደ ላይ አደረጉ፣ ትንፋሻቸውን ሳቡ።

የዝና ፊቷን አላዞረችም። ዕንባዋ እንደፈለገ ወረደ፤ የሚንቀጠቀጥ ግራ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘችው።

“እኔ ደግሞ ለሰው አሳየሁት” አለች። “ስላይድ አደረግኩት፣ አባዬ።”

የአባቷ ትከሻ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ሳቅ ነው። እሷም በዕንባዋ ውስጥ ሳቀች። የቀረውን ጥያቄ መጠየቅ ሽማግሌዎቹ ፊት ከመቀመጥ ይልቅ አስፈራት።

“አሁንስ?” አለች። “አሁንም ነው?”

የአቶ ታፈረ ዓይን ወደ ታች ወረደ። ከልጃቸው ፊት ወደ እጇ፣ ከእጇ ወደ ጉልበታቸው፣ ከዚያ ወደ ጫማቸው ወርዶ እዚያ ቆመ። ኩርሙክ ገበያ ላይ ዋጋ ሳይጥማቸው ሲቀር እንደሚያደርጉት ጫማቸውን እያዩ ቆዩ። የዝና ብትጠብቅ፣ ብትጠብቅ፣ ንቅንቅ አላሉም።

“አይ ማለትህ ነው” አለች፣ “ገባኝ አባዬ፣ ይበቃል።”

ካሜራውን ወደ ቦታው መለሰች፣ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ከታች ያለውን አዎ ይዛ ወደ ላይ መሳብ ጀመረች። አባቷ ዓይናቸውን ቀድመው ወደ ላይ አድርገው ጠበቋት።